ከለቅሶው ክፍል ጎን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ማታ

ዛሬም ሰው አልገባልኝም። አሮጌው የእህል መጋዘን በሰው ጢም ብሏል፣ የኔ ክፍል ኦና። ሻንጣዬን እሸክፋለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ እፈታለሁ፣ ደግሞ እሸክፋለሁ። የሚያጅበኝ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ዋሽንት ብቻ።

ወንበር የለውም የኛ ሙዚቃዊ ቲያትር። ተመልካቹ እንዳሻው ይዞራል። ሠርጉ፣ አውድማው፣ ለቅሶው፣ እኔ የምጫወታት ከቤት ኮብላይ ልጅ፣ ሁሉም በየክፍሉ ባንድ ጊዜ ይዘፈናል። ዳይሬክተራችን ና. ከአ.አ. ያመጣው ሐሳብ ነው። የፍ/ሰላም ሰው ግን ለቅሶ ሰምቶ እንዴት ይለፍ! ከጎኔ ባለው ክፍል ተዋናይዋ ዘቢባ ሙሾ ስታወርድ ይሰማል፣ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ገብቶ ይቀመጣል። ከተቀመጠ ወዲያ ማን ይነሣል? ነውር ነው።

ረቡዕ 10

ና. ሰበሰበን። ሰው ቢገባም ባይገባም ዝፈኑ፣ ከክፍላችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ፣ ተመልካች መጥራትም ማናገርም ክልክል። እሺ አልን። ምን እንላለን? ለቅሶውን ወደ ጓሮ እናዙረው ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ። ኤዲያ!

ዘቢባ የቡሬ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ሳቂታ። ዛሬ አንዲት እናት ንፍሮ ቀቅለው አመጡላት። ቲያትር መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ እንዲያው ለቀስተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም ብለው። ሞተች የተባለችው እህቴ የድርሰት ናት ልበላቸው ወይስ ልብላው ብላ ስትጠይቀኝ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ሐሙስ 11

አክስቴ ደወለች። አባባ ነገ ለሚካኤል ከገጠር ይመጣሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደናንተ ይዣቸው እመጣለሁ አለች። ቲያትሩ ውስጥ መሆኔን አልነገረቻቸውም። ሲያዩኝ ይራራሉ ትላለች።

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። የነርስ ትምህርቴን ትቼ ዘፋኝ ከሆንኩ ወዲህ አባባ አላናገሩኝም። ለማስታረቅ የሄዱትን ሽማግሎች ልጄ ሞታለች ብለው መለሷቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ክፍሌ ቢገቡ! ሌላ አልለምንም።

ዓርብ 12፣ ማታ

መጡ።

ሳላቸውን ከመተላለፊያው ሰማሁ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እርምጃቸው ደጄ ላይ ቆመ። የማርያም ያለህ፣ ይግቡ፣ ይግቡ! ይሄኔ ዘቢባ ሙሾዋን ጀመረች። አለፉ።

ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ሁሉ ይሰማል። እግዜር ያጽናሽ ልጄ አሏት። ልጄ! እሷን! ቀናሁ፣ ምን ይደረግ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። አባባ ሲያለቅሱ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ ሲሉ ሰማሁ።

እኔ እዘፍናለሁ። ቀሚስ አጥፋለሁ። አባቴ ከቆርቆሮው ማዶ ተቀምጠው ለኔ ያለቅሳሉ፣ እኔ እዚህ ሻንጣ እሸክፋለሁ። ክልክል ነው። ክልክል ባይሆንስ? ምን ብዬ እገባለሁ፣ አለሁ ብዬ? እግሬ እንቢ አለ። ቲያትሩ ሲያልቅ ሮጥኩ፣ ሄደዋል። አክስቴም የለችም።

ቅዳሜ 13

ዘቢባ ጠዋት መጣች። አንድ አባት እንዴት እንዳጽናኗት እያወራች ነው፣ እሑድ ለሠልስቱ ተመልሼ እመጣለሁ ብለዋታል። አባቴ ናቸው አልኳት። የእውነት አለቀሰች።

ክፍል እንቀያየር ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች። ና. ሊያባርረን ይችላል። ያባርር! ሙሾ ማውረድ አልችልም፣ የሷን ነጠላ ግን ተውሻለሁ። ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ድምፄን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ይቆጡ ይሆናል፣ ይረግሙኝም ይሆናል። ፈራሁ፣ ደብተሬ፣ በጣም ፈራሁ።

ብቻ ነገ ይምጡና መጀመሪያ ይቀመጡ። አባባ እንደሆኑ ከለቅሶ ቤት ተነሥተው አይወጡም።