ለቀድሞ አለቃዬ፣ በግራር አምባ ስለጠጡት አንድ ብርጭቆ ውኃ

ለክቡር አቶ ፈንታ ደምለው
የ«ምንጭ ለሁሉ» የልማት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣ የአሥራ ሰባት ምንጮች መራቂ፣ የልጄ የክርስትና አባት
ደብረ ማርቆስ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ እስከ ቢሮዎ ድረስ ይግባልኝ፣ ጸሐፊዎም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ከደጅ እንዳትመልሰው አደራ እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ወገብዎ እንዴት ነው፣ ስኳርዎስ? ሆድዎ ደኅና እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ እንዴት እንዳወቅሁ በኋላ እመለስበታለሁ። እኔ፣ ስድስት ዓመት በውኃ ምርመራ ባለሙያነት ያገለገልኩዎ ሥራነሽ ጌቱ፣ ከእንቅልፍ ማጣትና ከትንሽ ንዴት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ የሰው ወረቀት አባዛለሁ።

ይህን ደብዳቤ ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው ወይስ ልተወው እያልኩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራዬ ተቀምጦ መነሣት፣ ተነሥቶ መቀመጥ ሆኗል። ሰባት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ አጥፍቻለሁ። በቀደም የአንድ ደንበኛ የልደት ምስክር ወረቀት ሳባዛ ሐሳቤ እርስዎ ዘንድ ስለነበር አርባ ኮፒ አውጥቼ ኖሮ፣ ሰውየው በትሕትና «እትዬ፣ እኔ እኮ የተወለድሁት አንድ ጊዜ ነው» አለኝ። ባለቤቴ አማረ «የሆድሽን በሆድሽ ያዢ፤ በዚህ ከተማ ነገ የማን ደጅ እንደምትቆሚ አታውቂም» ይለኛል። እናቴ ደግሞ የአበልጅን ስም በአደባባይ ማንሣት ልጁን ራሱን እንደ መርገም ነው ብላ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ሌላው ሰው የሚለውንም እኔው ራሴ አስቀድሜ በልቤ ጽፌ ጨርሻለሁ፦ አንዱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል፣ አንዱ «እዚያው ስትሠራ የት ነበረች?» ይላል፣ ሌላው ምንም ሳያነብ ይስቃል። ሁለተኛው ያለው እውነት ስለሆነ ይብስ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ቅሬታዬን በምስጋና መልክ፣ በተራ ቁጥር አድርጌ ማቅረቡን መርጫለሁ፤ እርስዎ ከምስጋና በቀር ሌላ ወረቀት እስከ መጨረሻው እንደማያነቡ በስድስት ዓመት አገልግሎቴ ተምሬአለሁና።

አንደኛ፣ ልጄን ኃይለ ሚካኤልን ክርስትና ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። በአርባ ቀኑ፣ በዚያ የማርቆስ ማለዳ ብርድ፣ ነጠላዎን አጣፍተው አቅፈውት ሲቆሙ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ፍቅር መስሎኝ ነበርና። ቆይቼ ዙሪያዬን ሳይ ግን ገንዘብ ያዡም፣ ሾፌሩም፣ የግዥ ኮሚቴው ሰብሳቢም፣ ወንድ የወለደ ሁሉ የእርስዎ፣ ሴት የወለደ ሁሉ የባለቤትዎ አበልጅ ሆኖ አገኘሁት። ከወላድ ሠራተኛ ሁሉ ከዚህ ማዕድ የቀረ ዘበኛው አንሙት ብቻ ነበር፤ እሱም ልጁን ያስጠመቀው እርስዎ ለሥልጠና ባሕር ዳር በሄዱበት ሳምንት ስለሆነ ነው፣ በዓመቱም ውሉ ሳይታደስ ቀረ። በእኛ አገር አበልጅ በአበልጁ ላይ አይመሰክርም። ሌላው አለቃ ደንብ ሲያረቅ፣ ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ የሚደክምበትን ነገር እርስዎ በአንድ ጥምቀት ይጨርሱታል፤ ለዚህ ብልኃትዎ ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ስሰናበት ስለጻፉልኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። «ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ምስጢር ጠባቂ» ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ውኃ ስመረምር መኖሬን ግን አንድ ቃል አያነሣም። አንድ ቀጣሪ ብልኅ ሆኖ «ለመሆኑ ምስጢር የሚጠበቅለት ውኃ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው ስለሌለኝ፣ ደብዳቤውን እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁትም።

ሦስተኛውን ባለቤቴ አውጪው ስላለኝ አውጥቼዋለሁ። ስለ መኪናው ነበር።

አራተኛው ላይ ስደርስ ነው ሁልጊዜ እጄ የሚያዝብኝ። ግራር አምባን አይረሷትም፤ ከቁይ ወዲያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፣ መቶ አርባ አባወራ። ምንጩ ተገንብቶ፣ ቧንቧው ተተክሎ፣ ለምርቃቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ናሙና ቀድቼ መጣሁ። በማግስቱ ናሙናው ያደረበትን የማሞቂያ ሣጥን ስከፍት፣ አንድ እንኳ ቢጫ ነጠብጣብ ሊታይበት በማይገባው ሳህን ላይ ስልሳ ሦስት ቆጠርኩ። በሙያችን ረጅም ስም አለው፤ በአማርኛ ሲነገር ግን ውኃው ሰገራ ገብቶበታል ማለት ነው። ከምንጩ በላይ ያለው የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ እየሰረገ ይወርድ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ቢሮዎ ገባሁ። እርስዎም በትዕግሥት አነበቡት፣ መነጽርዎን አወለቁ፣ «ሥራነሽ፣ እንግዶቹ ከአዲስ አበባ ተነሥተዋል፤ ምርቃቱ ይለፍና እናየዋለን» ብለው መሳቢያዎ ውስጥ ከተቱት። መሳቢያውን በቁልፍ ሲቆልፉት ሳይ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደዎ ተረዳሁ።

በበነጋው ሪባኑ ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ሕዝቡም ወግ ነውና መጀመሪያ እርስዎ እንዲቀምሱለት ለመነ። ያን ጊዜ ዞር ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ። እኔም ከድንኳኑ ጀርባ ሄድኩ፣ ለእንግዶቹ ከመጣው ካርቶን አንድ የታሸገ ውኃ አንሥቼ ብርጭቆ ሞላሁ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አቀረብኩልዎ። ጠጡት። እልልታው ጋራውን ሞላው። ፎቶው ዛሬም በገጽዎ አናት ላይ አለ፤ ከሥሩ «ከሕዝባችን ጋር ከአንድ ምንጭ» የሚል ተጽፎበታል። ሆድዎ ደኅና መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው። ከእርስዎ ቀጥሎ የአጥቢያው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከቧንቧው ሦስት ጊዜ በእፍኛቸው ጠጡ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰለፉ።

ምርቃቱ እንዳለፈ ሁለት ጊዜ አስታወስኩዎ። ሦስተኛ ጊዜ ሳላስታውስዎ የእኔም ውል ሳይታደስ ቀረ፤ እረፍት እንደሚያስፈልገኝ ከእኔ ቀድመው ስላወቁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጣቴን የያዘኝ አበልጅነቱ ብቻ አለመሆኑን ይረዱልኛል። ስለ እርስዎ አንድ መስመር ብጽፍ ሁለተኛው መስመር ስለ እኔ ነው። ብርጭቆውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ይህን በስድስቱ ረቂቆች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩትም፤ «አንድ ሠራተኛ አቀረበላቸው» እያልኩ አልፌዋለሁ። እንዲያ ስጽፍ አፈርኩ፣ ሳጠፋው ደግሞ ይብስ አፈርኩ።

ይህ ሁሉ ተኝቶ ይኖር ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ወለተ ኪዳን የምትባል የግራር አምባ ሴት የልጇን የሆስፒታል ወረቀት ልታስገለብጥ ሱቄ ገባች። እኔ አላወቅኋትም፣ እሷ ግን አወቀችኝ። «አንቺ የውኃዋ ልጅ አይደለሽ? እግዜር ይስጥሽ፣ ከወንዝ አወጣሽን» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ የሁለት ዓመት ነው፣ እግሩ ቀጥኗል። ሆዱን ሲያመው ሦስተኛ ጊዜው ነው። «ምን እንደነካው እንጃ፤ ውኃው እንኳ ጥሩ ሆኖልን ነበር» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ ይመስልዎታል? «እግዜር ይማረው» አልኳት። ወረቀቱን አባዛሁላት፣ እስከ ደጅ ሸኘኋት፣ ሌላ ምንም አልነገርኳትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ቁጭ ማለት የተሳነኝ።

አምስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ገጽዎ ተከታዮች ነው። ትናንት ሰባተኛውን ረቂቅ ልለጥፍ ስልኬን ሳነሣ ተከታዮችዎ ሃያ ሁለት ሺህ መድረሳቸውን አየሁ፤ እንኳን ደስ አለዎ። ማን ምን ይለኛል እያልኩ አንድ በአንድ ሳስባቸው ቆይቼ ድንገት ከሃያ ሁለት ሺሁ ውስጥ አንዱም ከግራር አምባ ቧንቧ እንደማይጠጣ ትዝ አለኝ። የሚጠጡት ኔትወርክ ፍለጋ ጋራ የሚወጡት ናቸው። ለማይጠጡት ልንገር አልንገር እያልኩ ሦስት ሳምንት ስብሰለሰል፣ ለሚጠጡት ዓመት ሙሉ አለመናገሬ አንድ ቀን እንኳ ሐሳብ ሆኖኝ አያውቅም። ጀግና መባል አምሮኝ ይሁን ወይስ ፈርቼ፣ ለራሴም አልገባኝም፤ ምናልባት ሁለቱም ይሆናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት አባቶች ፌስቡክ አልነበራቸውም፤ ነገሩን ለባለቤቱ ሄደው ነበር የሚነግሩት።

ስለሆነም፣ መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ፣ እሑድ ማለዳ ወደ ቁይ በሚሄደው የመጀመሪያ መኪና እሳፈራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። ወረቀቱ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ቢሆንም ስልሳ ሦስቱን የመዘገብኩበት ደብተር እኔ ዘንድ አለ። ይህ ደብዳቤ የሚለጠፈው ከተመለስኩ በኋላ ስለሆነ፣ ለወትሮው ሁሉን ነገር ቀድመው የሚሰሙት እርስዎ ከግራር አምባ ሕዝብ ኋላ በመስማትዎ ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወንበርዎ የጸና፣ ሪባንዎ የማያልቅ፣ መቀስዎ የማይደንዝ እንዲሆን፣ ለክርስትና ልጅዎም ሲያድግ ስለ አባትነትዎ የምነግረው መልካም ነገር አንድ እንኳ እንዳላጣ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ ሠራተኛዎ፣ የማይፈርሰው አበልጅነት ተካፋይዎ፣ የዚያች ብርጭቆ ቀጂ
ሥራነሽ ጌቱ
ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አጠገብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሄጄ ተመልሻለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጦ ሳለ ብርጭቆዋን ሳልዘል ሁሉንም ነገርኳቸው። የጮኸብኝ የለም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወለተ ኪዳን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ልጇን ይዛ ተነሥታ ሄደች። ቧንቧውን በዚያችው ሰዓት በእሾህ አጠሩት፣ ሴቶቹም ወደ ወንዙ ተመለሱ፤ አፍልተው እንዲጠጡ ነግሬያቸዋለሁ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?» ቀኑን ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጥረው ዓመት ከሁለት ወር አሉ። ቀጥለው እርስዎ ያወቁበትን ቀን ሲጠይቁኝ ግን በሰው አፍ ከሚሆን ራሳቸው ይንገሯችሁ ብዬ፣ የፌስቡክ ገጽዎን ሳይሆን የቤትዎን መንገድ አመልክቻቸዋለሁ። ሐሙስ ደጅዎ ይመጣሉ።