በበሰለው ክምር ላይ የተጨመረው ጥሬ እበት

ለወንድሜ ለወንደሰን፣

ነገሩ የተበላሸው እኔ ሮቤ ሥልጠና ላይ ሳለሁ፣ አጎታችን ጋሼ ወልደጻድቅ በረቱን ጠርገው ጥሬውን እበት በበሰለው የኮምፖስት ማዳበሪያዬ ላይ የደፉ ጊዜ ነው። ይህን ሳልነግርህ ሰላምታ ማስቀደም አቃተኝ። አሁን ልጠይቅህ፤ ጤናህ እንዴት ነው? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባው ተወህ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ተሰብሯል።

እበቱን ከገብስ ገለባና ከገበያ ከለቀምኩት የጎመን ትራፊ ጋር ቀላቅዬ፣ ጠዋት ጠዋት ቴርሞሜትር እየሰካሁ፣ ከሃምሳ አምስት ዲግሪ ሳይወርድ አሥራ አምስት ቀን አቆየሁት። ዳር ያለውም መሀል ገብቶ እንዲግል አምስት ጊዜ ገለበጥኩት። በሽታ አምጪው ባክቴሪያ የሚሞተው እንዲያ ነው። ጋሼ ባለፉ ቁጥር፣ «ዩኒቨርሲቲ ብንልካት የእበት ነርስ ሆና መጣች!» እያሉ ሰው ያስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ከሮቤ ስመለስ ኮምፖስቱ የሰላጣው መደብ ላይ ተበትኗል። ጋሼ አገዙኝ ብዬ አመሰገንኳቸው። ሰላጣው ሲደርስ የመጀመሪያውን እቅፍ ቆርጬ ለጎረቤታችን ለእትዬ ተሻለች ወሰድኩ። የአራት ዓመት ልጃቸው ናዝሬት ከእጄ ተቀብላ፣ «እንደ በግ ልብላው?» እያለች በላች። በሦስተኛው ቀን ደም አስቀመጣት። ሐኪሙ በጥሬ ምግብ የገባ ባክቴሪያ ኩላሊቷን መታው አለ። በዘጠነኛው ቀን ቀበርናት።

ከቀብር መልስ ክምሩ ላይ የጨመሩት ነገር እንዳለ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «እንዲበረክት ትንሽ ጨመርኩበት። እበት ያው እበት አይደል እንዴ?» አሉኝ። የቀዘቀዘ ክምር ጥሬውን እንደማያበስል ነገርኳቸው። ነገሩን ለማየት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ግን «መቅደላዊት በደንብ ሳታበስለው ቀርታ ነው» ብለው አረፉ። ሽማግሌዎቹም ቅዳሜ እትዬ ተሻለች ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው እንድል ወሰኑ። አንተም በስልክ፣ «ትልቅ ሰው አታዋርጂ፤ ቻል አድርጊው» አልከኝ። ከሁሉም ያንተ ጎዳኝ።

ባለቤትህን ዘርትሁንን አብዝተህ ሰላም በልልኝ። ሕፃኑን ወንድምአገኝን ጉንጩን ሳምልኝ። አብሮህ የሚሠራው ሙራድም ሰላምታዬ ይድረሰው።

ቅዳሜ እትዬ ተሻለች ጋ እሄዳለሁ። እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ያቀበላት እጅ የኔ ስለሆነ አለቅሳለሁ። ክምሩ ላይ ምን እንደተጨመረ፣ ማን እንደጨመረውም እነግራቸዋለሁ። እናት ልጇን ምን እንደገደላት እንዳታውቅ የሚያደርግ ዝምታን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ከሽማግሌም፣ ከጋሼም፣ ካንተም ቢመጣ።

እህትህ መቅደላዊት
አሰላ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.