አማካዩን የሰቀለው ሰው

ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለብሩህ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅም፤ ማሻ መደበቅህን አክስትህ ነግራኛለች። የቁፋሮ ባልደረባህ የፍሬአብ ሬሳ ማክሰኞ ከወርቅ ጉድጓዱ በአይሱዙ መጣ። አንገቱ በገጀራ ተቆርጦ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። የተጠቀለለው ባንተ ጋቢ ነው። ፖሊስ ጋቢው የማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አላውቀውም አልኩ።

ባለፈው የቡናውን መሬት ሸጬ ገንዘቡን ለሌላ የወርቅ ጉድጓድ ድርሻ እንድልክልህ ስትጽፍ፣ «አባዬ፣ በአማካይ ወርቁ ቡናውን በእጥፍ ይበልጠዋል» ብለህ ነበር። ስሌቱ ልክ ነው፤ ያስተማርኩህም እኔው ነኝ። አማካይ ግን የገቢውን ክፍፍል ቅርጽ አያሳይም። የቡናው ገቢ ከዓመት ዓመት ተቀራራቢ ነው። እዚያ ግን ከአሥራ ሁለታችሁ አሥራ አንዳችሁ አፈር ስትዝቁ ከረማችሁ፤ አንዱ ወርቅ መታና አማካዩን ብቻውን ሰቀለው። ሰው ሁሉ ያን አንዱን አይቶ ጉድጓድ ይገባል፤ ባዶ እጁን የቀረውን ማንም ዞር ብሎ አያይም። ያ አንዱ ፍሬአብ ነበር። አሁን እሱም የለም።

ለቅሶ ሄድኩ። እናቱ ዓለምሸት አላለቀሰችም። «ጋሼ ተረፈ፣ የእኔው ይኸው መጣ። የእርስዎስ የት አለ?» አለችኝ።

በማግስቱ ወንድሟ ፈንታው ዘመዶቹን ይዞ ቡናችን ውስጥ ገባ። ፍሬው ቀልቶ ለለቀማ ደርሶ ነበር። ግንዱን ከሥሩ እየመቱ ጣሉት፤ አንድም አላስቀሩም። ልከለክል ብሄድ ፈንታው በገጀራው ጀርባ ትከሻዬን ሰበረኝና፣ «አንተ የሒሳብ መምህር፣ ይኼንንም ደምረው» አለኝ። ለዓመታት ባሰላሁት የቡና ሒሳብ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓመት አልነበረም። ቡና ባለቤቱን አይጥልም ስልህ አንተን በሒሳቡ አላስገባሁም ነበር።

ፈንታው ደምህን ሳያፈስ ጠጉሩን ላይላጭ ምሏል። ብትሸሽ ጫካ ውስጥ ይደርስብሃል። ስለዚህ እሁድ ና። መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ፤ ከመኪናው ስትወርድ ከፊትህ ሆኜ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። የሚሰነዝር ካለ መጀመሪያ እኔን ያገኛል። ፍሬአብን ካልገደልከው ይህንኑ በአፍህ ትናገራለህ። ገድለኸው ከሆነም ትናገራለህ፤ ያኔ ምሕረት አልለምንልህም፤ ስንቅህን ግን እኔ አመላልሳለሁ።

እግዚአብሔር እጅህን ከደም ያርቅልኝ። ካላራቀውም አንደበትህን ለእውነት ይክፈተው።

ገደልከውም አልገደልከውም፣
አባትህ ተረፈ