ማንም ሊሠራው ይችል የነበረ ስክሪን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን እንደምን እንደሰነበትክ ከአክስታችን ሰምቻለሁ። ስልክህን ከዘጋህ ወዲህ የምደውለው ለእሷ ነው። ጠዋት ስደውል «ተኝቷል» ትለኛለች። ምሳ ሰዓት ላይም ተኝቷል። ትናንት ደግሞ «አሁን ገና ጋደም አለ» አለችኝ፣ አንተ ከኋላዋ ስታስል እየሰማሁ። መዋሸት የማትችልን ሴት ለውሸት ባትቀጥራት ምን አለ? ስለዚህ መጻፍ ጀመርኩ። ወደ እናንተ ከተማ የሚመላለሰው የአውቶቡስ ሹፌር እጅ በእጅ ሊሰጥህ ቃል ገብቶልኛል፤ ተኝቷል ካሉህም ትራሱ ሥር አድርገው ብዬዋለሁ።

ከሄድክ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህቺን ታህል ለመጻፍ እንኳ ስንቴ ተነሳሁ መሰለህ። አንዴ የጋራዣችንን ብረት መንከሻ ሞርሳ ምንም ሳላስይዘው አጥብቄ ፈታሁት። አንዴ በር ላይ ቆሜ ማንም የማይመጣበትን መንገድ ሳይ ቆየሁ። ደንበኛ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ዳሽቦርዱን ከፍቼ ሽቦው ውስጥ ጭንቅላቴን ስከት ደግሞ ቶሎ ቢሄድልኝ እላለሁ። የሥራ ጠረጴዛህን አንድ ቀን ጠርጌ አስተካከልኩት። ከዚያ «ሥርዓት አስያዝሽብኝ» ብለህ የምትጮኸው ትዝ አለኝና ብሎኖቹን መልሼ በተንኳቸው። ልቤ ቁጭ ብድግ ይላል፣ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ለስክሪንህ የፈጠራ መብት ከጠየቅክበት ከፓተንት ቢሮ የመጣውን መልስ ያነበብከው ቆመህ ነው። ስትጨርስ አጣጥፈህ የቱታህ ኪስ ውስጥ ከተትከውና «ትክክል ናቸው» አልከኝ።

«ምኑ ነው ትክክሉ?»

«ግልጽ ነገር ነው፣ ፈጠራ አይባልም ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ግልጽ ነው እኮ።»

ከዚያ እጅህን ታጠብክ። እኔ የምትናደድ፣ ካቻቢቴ የምትወረውር መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ቦርሳህን አንጠልጥለህ «ከእንግዲህስ ጎማ ብነፋ ይሻለኛል» ብለህ ሄድክ። ቱታህን ሚስማር ላይ ትተኸው ነበርና ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩት። ይቅርታ አልጠይቅም። የጋራዡ ወረቀት ሁሉ የእኔ ሥራ ነው፤ ሳታሳየኝ አሽገህ የላክኸው ያንን ማመልከቻ ብቻ ነው።

አንድ ነገር አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም ይላል መልሱ። ሥራውን ለሚያውቅ ተራ ባለሙያ ግልጽ ከሆነ ፓተንት አይሰጠውም። ቢሮው ሁለት የቆዩ ነገሮች ፈልጎ አግኝቷል። አንዱ በክንድ ላይ ሆኖ ወደ ሹፌሩም ወደ ጎኑም የሚዞር የመኪና ስክሪን ነው። ሌላው የሥዕል ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ በራሱ ክብደት ባለበት የሚጸና መብራት ነው። ሁለቱን ያጋጠመ ሰው የአንተን ስክሪን ያገኛል፣ ማጋጠሙም ለማንም የሙያው ሰው ግልጽ ነው አሉ። ይህን ሳነብ ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ከተሠራ በኋላማ ሁሉም ቀላል ነው። የፈራሁት ከሥሩ ያለውን ሳይ ነው። «አመልካቹ ራሱም ይህንኑ አምኗል» ይልና የአንተን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ገልብጦታል፤ «ሥራዬ ትንሽ ናት። ማንም ባለሙያ ቢያስብበት ሊሠራት ይችል ነበር፤ እኔ ቀን ቀንቶኝ ነው።»

ምን ልበልህ? ሰው ቤት ስትገባ «በልቼ ነው የመጣሁት» የምትለውን ነው እዚያም ያልከው። ሆድህ እየጮኸ በልቻለሁ ትላለህ፣ ባለቤቶቹም አውቀውህ ግድ ብላ ይሉሃል። ቢሮው ግን አያውቅህም። «እንግዲህ በልቻለሁ ካሉ» ብሎ ሰሃኑን አነሳው።

ቀን ስለመቅናቱ ደግሞ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። መንጃ ፈቃድ የምታስተምረው ሴትዮ አንገቷን እያሸች የመጣችበትን ቀን ታስታውሳለህ? «ተማሪው ወደ ኋላ ሲሄድ ካሜራውን እሱ ይይ፣ ሲያቅተው እኔ ልይ። ይህ ስክሪን ወይ ወደ እሱ ይዙር፣ ወይ ወደ እኔ። አንገቴ ተጣሞ ቀረ» አለችህ። አንተም «ቀላል ነው» ብለህ ተቀበልካት።

ስክሪኑን እንዲሸከም የሠራኸው የመጀመሪያው ክንድ ከልክ በላይ ጠበቀ። ለማዞር ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር፣ ሹፌር ደግሞ ሁለተኛውን እጁን ለመሪው ይፈልገዋል። ቀጥሎ የሠራኸው ላላ፤ መኪናው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ተስፈንጣሪ ሞላ ጨመርክበት፣ ተንቀጠቀጠ። ጎማ አለበስከው፣ ፀሐይ አቀለጠው። አንድ ተማሪ ፍሬን ሲይዝ ስክሪኑ ጭኑ ላይ ወድቆ ልጁ መኪናውን ትቶ ሊወርድ ነበር። አስተማሪዋም «ይህ እቃ መንዳት አያስተምርም፣ መጸለይ ነው የሚያስተምረው» ብላ መለሰችልህ። ምግብ እየበላህ ማንኪያውን በጣትህ ላይ ታመዛዝን ነበር። ሁላችንም የምንመክርህ አንድ ነገር ነበር፤ አጥብቀው።

አንድ ቀን ግን የማጥበቂያውን ብሎን ፈትተህ ጣልከው። ባትሪ ይዤልህ ከጎንህ ቆሜ ነበር፤ ወንድሜ አበደ ብዬ አሰብኩ። የስክሪኑ ክብደት ራሱ መጋጠሚያውን ነክሶ እንዲይዘው አደረግከው። ሲለቁት ይጸናል። በአንድ ጣት ከፍ ሲያደርጉት ይላላል። መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር ደግሞ ይብሱን ይነክሳል። ሁላችንም ከክብደቱ ጋር ስንታገል አንተ ክብደቱን ሥራ አስገባኸው። እኔ የሙያው ሰው ነኝ፣ መብራቱን የያዝኩትም እኔ ነኝ፣ ግን አላየሁትም።

ይህን ለመናገር ነው ቢሮው ድረስ የሄድኩት። ውክልናህ በእጄ ስላለ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቃሌ ይሰማልኝ ብዬ አመለከትኩ። ፋይልህን የያዘችውን መርማሪ ስታስባት ምን ትመስልሃለች? እኔ ጥርስ ያላት አውሬ ጠብቄ ነበር። ያገኘኋት ግን በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ብርዳም ክፍል ውስጥ ሹራብ ደርባ የምትሠራ ሴት ናት። መጋጠሚያህን ለመረዳት ብላ ከካርቶን ቆርጣ ሠርታዋለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ አለ።

«ያምራል» አለችኝ ካርቶኑን ከፍ ዝቅ እያደረገች። «የምመረምረው ግን ማማሩን አይደለም። የሙያው ሰው ሊያስበው ይችል ነበር ወይ ነው። እርስዎ አላሰብኩትም ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ እህቱ ነዎት።»

«ታዲያ ማንን ላምጣ?»

«ሞክሮ ያቃተው ሌላ ባለሙያ ካለ ያምጡ።»

እንዲህ ያለ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ራዲዮ። የመኪና ራዲዮና ስክሪን ሲገጥም ኖሮ በመጨረሻ ራሱ ራዲዮ የሆነው፣ የሚዘጋበት ቁልፍ ያልተገኘለት። አስተማሪዋ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት እሱ ዘንድ ስትመላለስ ከርማ «ይህን የሚሠራ ሰው ገና አልተወለደም» ብሎ እንዳሰናበታት ነግራኛለች። አንተ ስትሠራው ደግሞ ሰፈሩን እየዞረ «ምን አላት፣ ሕፃን ይሠራታል» ሲል የከረመው እሱው ነው። ሱቁ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በመጨረሻ ራሱ «ግቢ እንጂ፣ መንገዱን ጨረስሽው» አለኝ።

«ጋሽ ራዲዮ፣ ቢሮ መጥተው አንድ ነገር ይመስክሩልኝ።»

«በደስታ። ምን ልበል?»

«አቅቶኝ ነበር ይበሉ።»

የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ። «እኔ? እኔን አቅቶኝ? አንቺ ልጅ፣ በዚህ መንገድ ያለ ሰው ሁሉ ከእኔ ተምሮ፣ እኔ ሄጄ ባለሥልጣን ፊት አቅቶኛል ልበል? ነገ ማን መኪናውን ያምነኛል?»

«እውነት አይደለም እንዴ?»

«እውነት ስለሆነ ነው እንጂ። ውሸት ቢሆንማ ምን ችግር ነበረው፣ እመጣልሽ ነበር።»

ከዚያ ሥራ አለኝ ብሎ አስወጣኝ። ከኋላዬ በሩን ሲዘጋ ሰማሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ብቻዬን ሄጄ መርማሪዋ ፊት ተቀመጥኩ። ምን እንደምላት ሳላውቅ አፌን ልከፍት ስል ራዲዮ ገባ። ኮት ለብሷል፣ ጆንያ ተሸክሟል። ማንንም ሳያስፈቅድ ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። የተጣመመ ክንድ፣ የተሰነጠቀ መጋጠሚያ፣ ሞላ፣ ሽቦ፣ ከመጥረጊያ እጀታ የተቆረጠ እንጨት ሳይቀር ወጣ።

«እነዚህ የእኔ ናቸው» አለ። «የሙያው ሰው የምትሉት እኔ ነኝ። ከእኔ የባሰ የሙያው ሰው ከየት ታመጣላችሁ? ይህ ነገር ግልጽ ከነበረ እኔ ጅል ነኝ ማለት ነው። እስቲ ይፍረዱ፣ ጅል እመስላለሁ?»

መርማሪዋ አልሳቀችም። «አይመስሉም» አለችና እያንዳንዱን እያነሳች ምን አስቦ እንደሠራው፣ ለምን እንዳልሆነለት ጠየቀችው። «ላላ።» «ተሰበረ።» «ይህኛውን ባላሳይዎ ደስ ይለኝ ነበር።» ራዲዮ በአጭሩ ሲመልስ በሕይወቴ የዚያን ቀን ብቻ ሰማሁ። ሲጨርስ ብረቶቹን አንድ በአንድ ወደ ጆንያው መለሰ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ደንበኞቹ ታመመ ወይ እያሉ እኔን ይጠይቁኛል።

እኔ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። መርማሪዋ ግን የአንተን ማመልከቻ አውጥታ ጣቷን ዓረፍተ ነገሩ ላይ አደረገች።

«የጎረቤቱን ቃል ተቀብያለሁ፣ ብዙ ነገር ይለውጣል» አለች። «ይህን የጻፈው ግን ራሱ ሠሪው ነው። እርስዎም እኚህ ሰውም ልታነሱለት አትችሉም። እውነት ከሆነ ፋይሉን እዘጋለሁ። ትሕትና ከሆነ ደግሞ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

የመጨረሻው ቀን የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። ካለፈ ፋይሉ ይዘጋል፣ መጋጠሚያህን የፈለገ ሁሉ እየገለበጠ ይሸጠዋል፣ አንተም በአክስታችን ቤት ተኝተህ ትቀራለህ።

ራስህን ማሞገስ ላንተ ከሞት እኩል እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው «እጅህ ይባረክ» ሲልህ የጣልከው ነገር ያለ ይመስል መሬት መሬት ታያለህ። አወድስ አላልኩህም። የሆነውን ተናገር። ምን ያህል እንደሞከርክ፣ ሁላችንም አጥብቅ ስንልህ አንተ ብሎኑን ፈትተህ እንደጣልክ ተናገር። ራዲዮ በአደባባይ አቅቶኛል ብሎ መናገር ከቻለ፣ አንተ ችያለሁ ማለት እንዴት ያቅትሃል?

ለምን እንዲህ እንደምንገበገብ ልንገርህና ልጨርስ። የፓተንቱ ነገር ብቻ አይደለም። ይህን አመል ከማን እንደወረስክ አውቃለሁ። እማዬ የመኪና ወንበር ልብስ እየሰፋች፣ ጣቷ በመርፌ ተበሳስቶ፣ ሁለታችንንም ሙያ አስተማረችን። አባታችን ሲሞት እንዲያሳድጉን ለዘመድ እንድትሰጠን የመከሯትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ ላመሰግናት ስሞክር «ምን አደረግሁና? ማንም እናት የምታደርገው ነው» አለችኝ። አንተንም እንዲሁ ብላሃለች። እኛስ ምን አልን? እሺ አልናት። ተከራክረናት አናውቅም፤ አመንናት። ስትሞት ሰዎች ስለ እናታችሁ ተናገሩ ሲሉን ሁለታችንም «ጥሩ እናት ነበረች» ብለን ተቀመጥን፣ ሌላ የምንለው አልነበረንም። እንደማንም እናት አልነበረችም ወንድም ጋሼ፣ ያደረገችው እሷ ናት። አሁን ይህን የምነግራት ሰው የለኝም።

አፈር ስሆንልህ፣ ሰኞ ከሹፌሩ ጋር ተሳፈርና ና። ማክሰኞ ካልመጣህ ግን፣ እማዬን እንዳመንናት፣ ማንም ይሠራት ነበር ስትል አንተንም አምንሃለሁ።

የምትወድህ፣
ታናሽ እህትህ