የእኅቴ የሠርግ ቅስት በእንግዳ መቀበያዎ ስለ መቆሙ

ለክቡር የጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ ቢሮዎንም እንደ ወትሮው በንጽሕና እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ የምኖር፣ ሌላው ሰው ከጣለው ነገር የቤትና የሠርግ ዲኮር የምሠራ ሴት ነኝ። ጎረቤቶቼ «ቆርኪ» እያሉ ይጠሩኛል፤ የጠርሙስ ቆርኪ ስለምለቅም ነው እንጂ ስለ ቁመቴ እንዳልሆነ ይምሉልኛል።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ባለፈው ማክሰኞ የመሥሪያ ቤትዎ መኪና፣ በመጪው እሑድ ለምትዳረው ታናሽ እኅቴ የሠራሁትን ቅስት፣ ቀለሙ እንዲደርቅ በራችን ላይ ካቆምኩበት ጭኖ ሄዷል። ለዚህ ውለታ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የሠራተኞችዎን የማንበብ ችሎታ አደንቃለሁ። ደንበኞቼ እንዲያዩት ብዬ ቅስቱ ላይ በገዛ እጄ፣ ያውም በወርቅማ ቀለም፣ «መቶ በመቶ ከቆሻሻ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። እናቴ ሮጣ ወጥታ የልጄ የሠርግ ዕቃ ነው ብትላቸው፣ ሹፌርዎ በትሕትና ጽሑፉን በጣቱ እያሳየ፣ «እማማ፣ ባለቤቷ ራሷ ቆሻሻ ነው ብላ ከጻፈች እኛ ምን እናድርግ?» አላት። እናቴ እስከ ዛሬ የምትቆጣው እሱን ሳይሆን እኔን ነው፤ ምላሷ አልበቃ ብሏት በቀለም ለፈለፈች እያለች ለመጣው ሰው ሁሉ ትናገራለች።

ሁለተኛ፣ ጥንቃቄያቸውን አለማድነቅ ንፉግነት ይሆንብኛል። ከቅስቱ ጎን የተቀመጠውን፣ ከመሰንበቱ ብዛት የአካባቢው ዝንብ በሙሉ የሚያውቀውን ጆንያ ሳይነኩት ሄደዋል። ጽሑፍ ስለሌለበት ይመስለኛል። ስለዚህ እኔም ትናንት «ቆሻሻ» ብዬ በትልቁ ጽፌበት በተስፋ እየጠበቅሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ እርስዎ ጣዕም። ቅስቱን ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቆሻሻ መድፊያው ነበር፤ ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝ። ኋላ ለአቤቱታ ቢሮዎ ስመጣ፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ከሶፋው በላይ ተንሰራፍቶ አገኘሁት። የእኔ ጽሑፍ ተነሥቶ «በጽሕፈት ቤታችን የተዘጋጀ» የሚል ተተክቶበታል። ማንነቴን ያላወቁት ጸሐፊዎ፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከሥሩ ፎቶ እንደሚነሣ፣ እርስዎም የስልክዎን ፎቶ በዚሁ እንደ ቀየሩ በኩራት አጫወቱኝ። አምሮብዎታል፤ የጠርሙስ መብራቶቼ ለፊትዎ ይስማሙታል። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ፦ የቅስቱን ጽጌረዳዎች በየጠዋቱ ውሃ የሚያጠጣቸው ሰው አለና እባክዎ ያስቁሙልኝ። የእንቁላል ካርቶን ናቸው፤ ያብጣሉ እንጂ አያብቡም።

ይመለስልኝ ብዬ ብጠይቅ የንብረት ክፍል ባልደረባዎ ነገሩን በሚገባ አስረዱኝ። ቆሻሻ ከሆነ ለግለሰብ አይሰጥም፤ ንብረት ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ነው። የእኔ ሊሆን የሚችልበት ስም በመዝገበ ቃላታቸው እንደሌለ ተረድቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

የቀረው ምስጋና ስላልሆነ አራተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ቅስቱን ያቆሙት ክቦች የብስክሌት ቸርኬዎች ናቸው። አባታችን ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ጥሎለት የሚሄደውን ቸርኬ «ይሠራል» እያለ ከሱቁ ጥግ ይደረድር ነበር። እሱ ሲሞት ሱቁን ስናስረክብ ሌላውን ሁሉ ትተን እነሱን ብቻ ተሸክመን ወጣን። እኅቴን ምን ዓይነት ዲኮር ልሥራልሽ ብዬ ብጠይቃት አበባም መብራትም አልመረጠችም። «አባዬ ባይኖርም እጁ በነካው ነገር ሥር ልለፍ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ከአዲስ ብረት ሌላ ቅስት መሥራት አያቅተኝም፤ ግን አባታችን አልነካውም። እሷ ከቅስቱ መወሰድ ወዲህ ስለ ሠርጉ ማውራት ትታለች፤ ቀሚሷንም ለመለካት እምቢ ብላለች።

በመጨረሻም ከውዳቂ ውበት ለማውጣት ዕድሜዬን የፈጀሁትን እኔን፣ ውበትን በአንድ ቀን ውዳቂ፣ ውዳቂውን መልሶ የቢሮ ጌጥ በማድረግ ስላስተማሩኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለሥልጣንዎ ዘመን ርዝመትን፣ ለሶፋዎ ምቾትን የምመኝ፣

ትሑት ተገልጋይዎ
ዲኮር ሠሪዋ ቆርኪ

ማስታወሻ፦ ቅስቱ እስከ ዓርብ ካልተመለሰ፣ ሠርጉ እሑድ መሆኑ ቀርቶ ቢሮዎ ወደሚከፈትበት ሰኞ ጠዋት ይዛወራል። የበር ጥበቃዎ እንግዳ መቀበያው ለተገልጋይ ሁሉ ክፍት መሆኑን አረጋግጠውልናል፤ ስለዚህ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹና ዘመድ አዝማዱ ወረፋችንን ጠብቀን እንገባለን። የአባታችን ዕቃ በእጅዎ ስላለ፣ ልጂቱን እጇን ይዘው ከቅስቱ ሥር የሚያሳልፏት እርስዎ ነዎትና ሙሉ ልብስዎን ያስተኩሱ። የሚተኩት ሰው ግን ማን እንደ ነበር አስቀድመው ይወቁት፤ ሌላው የጣለውን ያነሣ ነበር እንጂ፣ ሌላው ያልጣለውን አንሥቶ አያውቅም።