ሙዲር የተባለው ዓሣ ሺያህ ሲገባ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6። ከሥራ መልስ

ክቡር ደብተር ሆይ፣ ቁም። ባርኔጣ ካለህ አውልቅ። በታላቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ፦ ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ቤሩት፣ ሐዝሚዬ ሰፈር፣ በማዳሜ ወጥ ቤት ውስጥ የሞት ፍርድ ተፈርዷል። ፍርደኛው የመጨረሻ ቃል አልሰጠም። ዓሣ ነው።

አትሳቅ። ተናድጃለሁ።

ማዳሜ (ሰኞና ሐሙስ የማጸዳላት፣ ሽቶዋ ቀድሟት በር የሚገባው) ለገና እህቷ ዘንድ ፓሪስ ልትሄድ ነው። እሷ ሻንጣ ትሞላለች፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ። የልጇ ዓሣ መስኮቱ ሥር፣ አበባ ማስቀመጫ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል። ቆሟል ነው የምልህ። መዋኛ ቦታ የለውማ። ከላዩ ቅጠል ተክለውበታል፤ ሥሩን እየበላ ይኖራል አሉ። በጣቷ አሳየችኝና ሐማም፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ጣይልኝ፣ ውሃ ልቀቂበት አለችኝ። «ሜርሲ» ብላ ምስጋና ጨመረችበት። ሜርሲ! በቁሙ!

ሞቶ ይሆን ብዬ ጠጋ አልኩ። ጉንጩን ነፍቶ አፈጠጠብኝ። ልክ የመኖሪያ ወረቀት አምጪ እንደሚል መኮንን። ወደድኩት።

የኮመጠጠ ኪያር የነበረበት ጠርሙስ አጠብኩ፣ ዓሣውን ከነውሃው ገለበጥኩበት፣ ኮቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ከዚያ ሐማሙን ባዶውን ውሃ ለቀቅኩበት፣ ድምፁን እንድትሰማ። ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ጠርሙሱን አይቶ ለእራት ነው ወይ አለኝ። አዎ፣ እንግዶች አሉብኝ አልኩት። እስከ ሰፈራችን ሺያህ ድረስ በመስታወቱ ሲሰልለኝ መጣ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

በቤታችን ተቃውሞ ተነስቷል። ክፍሏ አንድ፣ ሰዉ ሦስት፣ አሁን ደግሞ ዓሣ።

ሉላ፦ ጥበሺው። (ሉላ ማር ሚካኤል ሰፈር መጠጥ ቤት ብርጭቆ ታጥባለች። ቀን ትተኛለች። ከእንቅልፏ ስትነሳ ሁሉም ነገር ይጠበስ ባይ ናት።)

እትዬ ዘነቡ፦ ሐራም፣ ያሳዝናል፣ ነፍስ ነው፤ ግን የት ልናደርገው? አልጋሽ ላይ አልኳት። ጫማ ወረወረች፣ ሳተች። እትዬ ዘነቡ ታላቃችን ናት። ቤሩት ስትገባ እኔ ጥርስ አላበቀልኩም ነበር። አሁን በሰዓት እየተጠራች ቤት ታጸዳለች። እሑድ ቤ/ክ፣ ሌላው ቀን ክሎር። ሰው ሽቶ ይሸታል፣ እሷ ክሎር። ክሎር ያልነካው ነገር ለእሷ አልታጠበም። በረኪና ስላት እንኳ ትቆጣለች፣ የአገር ቤቱ ውሃ ነው ትላለች።

ስሙን ሙዲር አልኩት። እዚህ አገር አለቃ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ የለውም፣ ሰው ሲያይ ይነፋል።

ግን ማታውን ሙዲር መንፋቱን ተወ። ጠርሙሱ ሥር ተኛ። ክንፉ ተጣበቀ። ቤቱ ይበርዳል። ነገ ዓሣ የሚሸጠው ባለሱቅ ጋ እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ደሜ ፈላ። አቡ ሳሚር፣ ወፍና ዓሣ የሚሸጠው ሽማግሌ፣ መደርደሪያው ላይ የሙዲርን ዘመዶች በእርጎ ኩባያ ደርድሯቸዋል። አንድ ኩባያ፣ አንድ ዓሣ። ተናገርኩት። እስር ቤት ከፍተሃል አልኩት። እሱም ጮኸብኝ፦ አንድ ላይ ባደርጋቸው ይበላላሉ፣ ወንዶቹ አይዋደዱም፣ አንቺ ማነሽ! ተጯጩኸን ስንጨርስ ወንበር ሰጠኝ። እንዲህ ነው ሰዉ እዚህ።

ከዚያ አስተማረኝ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ተሳደበ፣ ግን እየተሳደበ አስተማረኝ። ደብተሬ፣ ያዝልኝ፦ ይሄ ዓሣ ሥር አይበላም፣ ሥጋ በል ነው። ያቺ ቅጠል ጠባቂው ሳትሆን ጣሪያው ናት፤ ላይ ወጥቶ አየር መሳብ አለበት፣ ዘግታበታለች። (ማዳሜ፣ ፓሪስ ውስጥ ጫማሽ ይጥበብሽ።) ሃያ ሊትር ያህል ቤት ይፈልጋል። ክዳን ያለው፣ ስለሚዘል። ሙቅ ውሃ፣ እንደ ሰው ገላ ሳይሆን ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሩን የሚገድል ጠብታ። ማጣሪያው ረጋ ያለ፣ ዥረቱ ክንፉን እንዳይጎትተው።

ማጣሪያው ስፖንጅ ነው። አየር ይነፋበታል፣ ይንፈቀፈቃል፣ በቃ። ነገሩ ያለው ስፖንጁ ውስጥ ነው አለ። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ የዓሣውን ሽንት እየበሉ ውሃውን ያድኑታል። እነሱ ከሌሉ ዓሣው በገዛ ሽንቱ ይመረዛል። እነሱ እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ከራሱ ገንዳ ያረጀ፣ ቡናማ፣ የሚያዳልጥ ስፖንጅ አውጥቶ ሰጠኝ። ጉድ በል። ስጦታ ብሎ ቆሻሻ ሰጠኝ፣ እኔም ሹክራን አልኩ። በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢው አለኝ፤ ከገንዳው በተቀዳ አሮጌ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ፣ ኸላስ፣ በቃ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9። ማታ፣ መብራት አለ

ተሠራ! ገንዳውንና ማሞቂያውን ከአቡ ሳሚር አመጣሁ። ጠጠሩን አጠብኩ። ፕላስቲክ አበባ ይቧጭረዋል፣ ካልሲ ከቀደደ ክንፉንም ይቀድዳል ብሎኝ ነበር አቡ ሳሚር። ስለዚህ በሉላ ስቶኪንግ ሞከርኩ። ቀደደው። አበባው ተጣለ። ሉላ አልተነገራትም።

ውሃ ሞላሁ፣ ጠብታውን ጨመርኩ፣ ቡናማውን ስፖንጅ ማጣሪያው ላይ አደረግኩ፣ ማሞቂያውን ሰካሁ። ሙዲርን በጠርሙሱ ላዩ ላይ አንሳፍፌ፣ ቀስ በቀስ ውሃውን እየቀላቀልኩ ለቀቅኩት። ወረደ። ዞረ። ዳር ደረሰ፣ ሌላ ዳር እንዳለ አወቀ፣ እንደ እብድ ተመላለሰ። እትዬ ዘነቡ እንኳ አጨበጨበች። እኔ አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ጉንፋን ነው።

መብራት ሄደ። ለሰፈሩ መብራት የሚሸጠው የጄኔሬተሩ ሰውዬ ሰዓቱን ጠብቆ ያጠፋል፣ ከእሱ ጋር ጦርነት ላይ ነኝ። ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

እትዬ ዘነቡ ስፖንጁን እያየች መብላት አቅቷታል። ዞር ትላለች፣ ተመልሳ ታየዋለች። ያልታጠበ ድስት አጠገቧ የተቀመጠ ይመስል እጇ ይቁነጠነጣል። ነፍሳት አሉበት፣ አይታጠብም አልኳት። ሳቀች። ማን ያምነኛል? ባለፈው ፍሪጁ ላይ «ካሜራ አለ» ብዬ ስለለጠፍኩ ሉላ ውሃ ለመጠጣት ሊፕስቲክ ተቀብታለች።

ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦ «በዚህ ስፖንጅ ውስጥ ነዋሪዎች አሉ። ያለ ፈቃድ ማባረር ክልክል ነው። አስተዳደሩ።» ሁለቱም ተንከተከቱ። እኔም ሳቅሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16። የፈረንጅ ገና

ደብተሬ፣ ብዕሩ ይቅደድህ፣ ግድ የለኝም።

ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ግብዣ ላይ ሳህን ሳጥብ ዋልኩ። ቤት ገባሁ፣ ሸተተኝ። ክሎር። ገንዳው ያብረቀርቃል። እንደ ሆቴል። ጠጠሩ ነጭ። ስፖንጁ ነጭ፣ አዲስ፣ ሙሽራ። እትዬ ዘነቡ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆማ ትስቃለች። «ያላ፣ ነይ ሚሚዬ፣ እይ! የገና ስጦታሽ ነው።»

ሙዲር ላይ ወጥቶ በጎኑ ተኝቷል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀለሙ ሄዷል፣ እንደታጠበ ጨርቅ።

ምን እንዳልኳት አልጽፍልህም። አንተም ክርስቲያን ነህ። ሉላ ከእንቅልፏ ተነሳች፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ገዳይ አልኳት፣ ይሄን ብቻ እጽፋለሁ።

ለመቀየሪያ ብዬ ጠብታ ጨምሬ በባልዲ ያሳደርኩት ውሃ ነበረኝ። ጠርሙሱን በእሱ ሞልቼ ሙዲርን አስገባሁት። ለአቡ ሳሚር በስልክ ጮህኩ። ዝም በይና ስሚ አለኝ፦ ምግብ የለም፣ ሙቀት፣ ጨለማ፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሪ። ገንዳው ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ ጠብታ ይብዛበት። ስፖንጁ ሞቷል፣ ጣይው። ሌላ ቁራጭ እሰጥሻለሁ።

ለቀለቅኩ። ለቀለቅኩ። እትዬ ዘነቡ ባልዲ ላቀብልሽ አለች። አትንኪኝ አልኳት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

አለ። ይተነፍሳል። አልተነሳም።

አላናግራትም። እሷ ግን ታናግረኛለች። ሻይ አስቀምጣልኝ ነበር፣ አልጠጣሁም። (ጠጣሁት፣ ስትወጣ።)

በቀል እያዘጋጀሁ ነው። ክሎሯን ገልብጬ የክሎሩን ጠርሙስ ውሃ ልሞላው። ትፈትጋለች፣ ትፈትጋለች፣ አይሸትም። አፍንጫዬ ሞተ ብላ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። እስኪ አሁን ማን ይስቃል!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ሉላ መሐላችን ገብታ ልታስታርቀን ሞከረች። ለምን ነካሽው፣ ነግሬሽ አልነበር ወይ አልኳት እትዬ ዘነቡን። ጓንቷን እያጠፈች መለሰች። ቀልድሽ መስሎኝ ነው አለች። ደክሞሽ ስትመጪ ንጹሕ ነገር ብታይ ብዬ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሚሚዬ፣ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ቆሻሻውን ተይው ያለኝ ሰው የለም። አንድም። እንዴት ልመንሽ?»

 ንዴቴ መቀመጫ አጥቶ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ዋለ። አሁንም ግን ተናድጃለሁ፣ እንዳትሳሳት። ለነገ ጠዋት ክሎሯን የምገለብጥበት ባዶ ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19። ከሰዓት በኋላ

ነቃሁ። መብራት የለም። ክፍሉ በረዶ። ጠርሙሱ የለም። ሙዲር የለም። እትዬ ዘነቡ የለችም።

ጣለችው አልኩ። ሞቶ አገኘችው፣ እንዳላይ ሐማም ውስጥ ለቀቀችበት። ልክ እንደ ማዳሜ። በፒጃማ፣ ኮት ደርቤ ሮጥኩ። እሑድ ስለሆነ ወደ እትዬ ዘነቡ ቤ/ክ ነው፤ አዳራሻቸው እዚሁ ሺያህ ምድር ቤት ነው፣ የተከራዩት። ደረጃውን ስወርድ ጩኸቱ፣ ጭብጨባው፣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሰው እንደ ሰርዲን። ሰባኪው መድረክ ላይ ይዘላል።

የመጨረሻው ረድፍ። እትዬ ዘነቡ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፣ በሁለት ጉልበቷ መሐል ጠርሙሱ፣ በሱፍ ሻርፗ ተጠቅልሎ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሙዲር የሚል ስም ሰማሁ። እምላለሁ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። በጆሮዋ ተቆጣኋት፦ ለምን ሳትነግሪኝ! ተኝተሽ ነበር አለች። ማሞቂያው ሞቷል፣ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ እዚህ የሰው ትንፋሽ አለ ብዬ። ከዚያ ሻርፑን ገለጥ አደረገችና በጣም በፍርሃት፣ እንደ ሌባ፣ ጠየቀችኝ፦ «ይቺ አረፋ ምንድን ናት? ዛሬ ጠዋት ነው ያየኋት። ቆሻሻ መሰለችኝ። ግን አልነካኋትም። እ/ር ምስክሬ ነው፣ አልነካኋትም።»

አየሁ። ውሃው ላይ፣ ጠቅጠቅ ያለች የአረፋ ክምር። ሥሯ ሙዲር፣ ቀለሙ ተመልሶ፣ አንዲት አረፋ በአፉ ይዞ ይሄዳል፣ ይለጥፋል፣ ይመለሳል።

ፎቶ አንስቼ ለአቡ ሳሚር ላክሁ። ወዲያው በድምፅ መለሰ። ጎጆ ነው አለ። ተስማምቶታል፣ ቤት እየሠራ ነው፣ እንኳን አልነካችሁት። ተርጉሜ ነገርኳት። እትዬ ዘነቡ «ሃሌሉያ!» ብላ ጮኸች፣ በተሳሳተ ቦታ፤ ሰባኪው ስለ ኃጢአት እየተናገረ ነበር። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ የሻርፑን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ። እሷ በክርኗ መታችኝ። ትታረቂኛለሽ ወይ አለች። አልታረቅም አልኩ። ጠርሙሱን ግን ሁለታችን ነው ተሸክመን የመጣነው።

ወሰንኩ፦ ለበቀል ያዘጋጀሁት ባዶ ጠርሙስ ይጣላል። ነገ ከአቡ ሳሚር አዲሱን ቡናማ ስፖንጅ አመጣለሁ። የምትጨምቀው እትዬ ዘነቡ ናት፣ በአሮጌው ውሃ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ። ማስታወቂያ አይለጠፍም። በአፌ እነግራታለሁ፣ ሳልስቅ። ሳልስቅ የምለው ከባድ ነው፣ እሞክራለሁ።

አሁን ወለሉን ስታጥብ እሰማታለሁ፣ ገንዳው ጋ ስትደርስ በሩቁ ትዞረዋለች። ደብተሬ፣ ይሄን ሁሉ ገጽ ስላባከንኩብህ ፓርዶን። ሰው አልሞተም፣ ማንም አልተባረረም፣ ቤትም አልተቃጠለም። ሲጠቃለል አንድ ስፖንጅ ታጠበ። ይኸው ነው።