አልጣበቅ ያለው ቀኝ እጅ

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም ትከሻዋን እየቦረቦርኩ ነው። ለባህል ጽ/ቤቱ ኤግዚቢሽን የታዘዝኩት የእንጨት ሴት። ቁመቷ ወገቤ ድረስ፣ ዋንዛ ናት። አንድ አካል፣ ሦስት ጥንድ እጅ፤ እንሰት የሚፍቅ፣ ጥጥ የሚፈትል፣ ቅል የያዘ። ጎብኚው እየነቀለ እንዲቀያይር። ሚስማር ቶሎ ይላላል። ማግኔት ይሻላል ብዬ ሬዲዮ ጠጋኙን ጎረቤቴን ሸምሱን ለመንኩት፣ ከተበላሹ ስፒከሮች አውጥቶ ሰጠኝ። የሳንቲም ያህል ናቸው። አንዱ በትከሻዋ፣ አንዱ በክንዱ ጫፍ።

ሸምሱ ሳቀብኝ። «ጋሼ ኤርጫፎ፣ ሚስት እየሠሩ ነው አሉ። እጇ የሚነቀል። ከመታችዎት ነቅለው ኪስዎ መክተት ነው።» እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ሳቁ አልተከተለኝም።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ግራው ተጣበቀ። ቀጭ አለና ያዘ። እንደ ልጅ አሥር ጊዜ ነቀልኩ፣ መለስኩ። የሚፍቀው ቀኝ እጅ ግን እምቢ። ሳስጠጋው መዳፌ ውስጥ እንዳለ ይዞራል፣ ደብተሬ፣ እንደተቀየመ ሰው ጀርባውን ይሰጣል።

ሸምሱ መጥቶ አየው። ጥፋቱ የኔ ነው። ማግኔት ሁለት ፊት አለው፤ ኮላ ከመቀባቴ በፊት የሚሳሳቡትን ፊቶች በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። ገልብጬ ለጥፌዋለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለበትም። ልቤ ግን አልተቀበለም።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ማግኔቱን በመሮ ፈልፍዬ ላወጣ ተቀመጥኩ። በር ላይ፣ በፀሐይ ሳየው ክንዱ ከክርኑ በታች ወፍሯል። ግራው ቀጭን፣ ቀኙ ያበጠ። እንዲህ ልቅረጸው አላልኩም። እጄ ቀረጸው።

የባለቤቴ የዘነበች ክንድ ነው። እንሰት ስትፍቅ የቀርከሃው መፋቂያ ተሰንጥቆ መዳፏን ወጋት። በሳምንቱ እስከ ክርኗ አበጠ፣ ጠቆረ።

መሮውን አስቀመጥኩ። ተንበረከክኩ። ሳልጸልይ ተነሳሁ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ላንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ፣ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ዘነበች በተኛችበት ሆስፒታል ሐኪሙ ከመጋረጃው ወዲህ ጠራኝ። እጇ ከተቆረጠ ትድናለች፣ ፈርም አለኝ። አልፈረምኩም። እሷንም አልጠየቅኋት። መድኃኒት ሰጥተውናል ብዬ ይዣት ቤት ገባሁ። በአራተኛው ቀን አረፈች።

ለልጃችን ለአማረች፣ ሐኪሙ ተስፋ የለም ብሏል አልኳት። ለለቅሶተኛውም። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች የጌታ ፈቃድ ነው ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። የኔን ሥራ በሱ አሳበብኩ።

ለምን አልፈረምኩም? ጌታ ሙሉ አድርጎ የፈጠረውን አካል አላስቆርጥም ብዬ ነው ስል ኖርኩ። ውሸት። ያን ቀን ያሰብኩት እንሰቱን ማን ይፍቃል ብዬ ነው። በኛ አገር ወንድ አይፍቅም፣ ከሚፋቅበትም ድርሽ አይልም። አንድ እጅ ያላት ሴት ይዤ ምን ልበላ ነው አልኩ። ሆዴን አስቤ ነው።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ማግኔቱ ተገለበጠ። ቀኙ ገባ። ቀጭ።

ወዲያው መልሼ ነቀልኩት። ያለ ቀኝ እጅ ቆመች፣ አልወደቀችም። በግራዋ ብቻ። ብዙ አየኋት። ዘነበችም መቆም ትችል ነበር።

እብጠቱን ልላገው መላጊያ አነሳሁ። ተውኩት።

አማረች ከዱራሜ በሸምሱ ሱቅ ስልክ ደወለች። ሥራህን ከመውሰዳቸው በፊት እሑድ መጥቼ ልየው አለችኝ። ድምጿ የእናቷ ነው። አትምጪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ኅዳር 16፣ እሑድ፣ ከሰዓት 8፡30

ከጸሎት ቤት ተመለስኩ። ሲዘመር አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

ነገ የጽ/ቤቱ መኪና ይወስዳታል። ዛሬ ያልተነገረ አይነገርም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ቀኝ እጁን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ፣ አማረች ከምትቀመጥበት ፊት ለፊት አኑሬዋለሁ። አይታ ለምን አበጠ ትለኛለች። ያልፈረምኩትን ወረቀት እነግራታለሁ። እንሰቱንም። የጌታ ፈቃድ ነበር አልልም። ተነስታ ልትሄድ ትችላለች፣ ሌላ ልጅ የለኝም። ትሂድ፣ ግን አውቃ ትሂድ።

ባጃጅ ቆመ። አባ እያለች ነው። ሸምሱ ደጅ ላይ ያስቃታል። ደብተሬ፣ እናትሽ መዳን ትችል ነበር ብዬ ልጀምር፣ ወይስ መጀመሪያ እጁን አንስቼ ላስይዛት? በሩን ከፈተች።